የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት፦ ለጋራ ማመልከቻችን የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ስለ ስድስት ኪሎው ሐውልት ለከተማው ባህል ቢሮና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የምናስገባውን ሐሳብ እዚህ እንቅረጸው። እስካሁን የመጣው ሦስት ዓይነት ነው። ታጥቦ ይጠገን የሚል አለ፣ የሰማዕታቱ ስም ይቀረጽበት የሚል አለ፣ ታሪኩን የሚናገር ሰሌዳ ይቁም የሚልም አለ። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ከጫንን አንዱም ሳይፈቀድ ይቀራል ብዬ እሰጋለሁ። ስለዚህ የምትጽፉ ሁሉ ሥራው ምን እንደሚጠይቅና ምን ሊያበላሽ እንደሚችል ጨምራችሁ ጻፉልን።

የታሪክ መምህር፦
መግቢያው ላይ የሚሰፍረውን ታሪክ ላስቀድም። እዚህ ላይ ከተሳሳትን ቀሪውን የሚያነብልን የለም።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነበር፤ ወርኃዊው የሚካኤል ቀን። የፋሺስት ኢጣሊያ እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ልጅ መወለዱን አስመልክቶ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሲያሳድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ክፉኛ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። የፋሺስት ፓርቲው ኃላፊ ጉይዶ ኮርቴሴ ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ የፋሺስት ሚሊሻዎቹን ለሦስት ቀን በሕዝቡ ላይ ለቀቃቸው። እስከ የካቲት 14 ድረስ ሰው በጥይት፣ በጩቤ፣ በአካፋና በዶማ ተገደለ። ጎጆዎች ቤንዚን እየተርከፈከፈባቸው ከነነዋሪው ነደዱ።

ማመልከቻው ላይ ሦስት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ ጭፍጨፋው የአንድ ቀን አይደለም፤ ሐውልቱ የተሰየመው በመጀመሪያው ቀን ነው። ሁለተኛ፣ «የካቲት 12 ቀን 1937 ዓ.ም.» ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው። 1937 የአውሮፓው ዓመት ነው። በእኛ 1929 ዓ.ም.፣ በእነሱ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937። ሦስተኛ፣ ብዙ እንግዳ ይህን ሐውልት ከአራት ኪሎው የሚያዝያ 27 ሐውልት ጋር ያምታታዋል። የአራት ኪሎው የድል ነው፣ የስድስት ኪሎው የሐዘን ነው። ሁለቱ በእግር 20 ደቂቃ ቢራራቁ ነው፤ ግን የሚሉት ነገር ለየቅል ነው። ሰሌዳው ላይ ይህን አንድ መስመር ካስገባን ትልቅ ሥራ ሠራን ማለት ነው።

ስለ ሐውልቱ ራሱ፦ ቁመቱ 28 ሜትር ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን ቀራፂዎቹ የያኔዋ ዩጎዝላቪያ ሰዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ግፉን የሚያሳየው የነሐስ ቅርጽ ዓይን ሊያየው በሚችል ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ጉዳት ቢደርስ መጀመሪያ የሚታየውም እዚያው ላይ ነው።

የጥገና ባለሙያ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መደረግ የሌለባቸውን ልዘርዝር። በጎ ፈቃደኛ ተሰብስቦ፣ ባልዲና ኦሞ ይዞ ሐውልት የሚያጥብበት ዘመቻ ከቆሻሻው የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

በረኪና ድንጋዩ ውስጥ ጨው ይተዋል። ውሃው ሲደርቅ ጨው ክሪስታል ሆኖ ያብጥና የድንጋዩን ገጽ እንደ ቅርፊት ያነሣዋል። ጉዳቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ስለሆነ ከእጥበቱ ጋር የሚያያይዘው ሰው አይኖርም። የሴራሚክ ማጽጃ አሲድም እንዲሁ። ድንጋዩ እብነ በረድ ወይም የኖራ ድንጋይ ከሆነ አሲዱ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል፤ ዕለቱን ነጥቶ ያምራል፣ ገጹ ግን ስለሻከረ ጥቀርሻ ከበፊቱ በፈጠነ ይይዛል። የሽቦ ብሩሽ ጥቃቅን ብረት ይተክልበትና ክረምት ሲገባ በዝገት ያዥጎረጉረዋል። የመኪና ማጠቢያ ፓምፕ መገጣጠሚያውን ከፍቶ ውሃ ወደ ውስጥ ይነዳል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የድንጋዩን ዓይነት ማወቅ ነው። ከሐውልቱ ላይ ምንም አይቆረጥም። ቀድሞ ተፈንክቶ የወደቀ ፍርፋሪ ከተገኘ በፈቃድ ተነሥቶ ላቦራቶሪ ይላካል። ከዚያ እማይታይ ጥግ ላይ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሙከራ ቦታ ተመርጦ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ የቃጫ ብሩሽ ብቻ ይሞከራል። ሁለት ሳምንት ተጠብቆ ደረቁ ገጽ ይታያል። በውሃ የሚለቅ ከሆነ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ነሐሱ የተለየ አያያዝ ይፈልጋል። አረንጓዴና ጥቁር ቡናማ ሆኖ የሚታየው ገጽ ቆሻሻ አይደለም፤ ነሐሱ ለራሱ ያበጀው መከላከያ ነው። በማብረቂያ ፈግፍገን ወርቃማ ብናደርገው ልብሱን ገፈፍነው ማለት ነው። የሚያስፈራው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት እንደ ብጉር እዚህም እዚያም ሲወጣ ነው። ያ ከክሎራይድ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ በብሩሽ አይድንም፣ ባለሙያ ብቻ ይነካው። ጤነኛው ክፍል በተጣራ ውሃና ከአሲድም ከአልካሊም ነጻ በሆነ ሳሙና ይታጠባል፣ ሙሉ በሙሉ ይደርቃል፣ ከዚያ ማይክሮክሪስታላይን ሰም በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀባል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ለነሐሱ አንጠቀምም። ለ1 ካሬ ሜትር 10 ሊትር የተጣራ ውሃ ብንይዝ ይበቃል። ሰሙ ዓመት ባለፈው ቁጥር መታደስ አለበት፤ ይህን ማን በየዓመቱ እንደሚሠራው ማመልከቻው ላይ ካልተጻፈ የአንድ ጊዜ ድግስ ሆኖ ይቀራል።

የዕድር ተወካይ፦
ባለሙያው የጻፉት ልክ ነው፤ ግን ሰው «ጉድፉን ትታችሁ ሰም ቀባችሁ» እንዳይለን ከወዲሁ ማስረዳት ይገባናል። አንድ ነገር ልጠይቅ። በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ ጧፍም የሚያበራ አለ። የጉንጉኑ ሽቦ ድንጋዩ ላይ ተደግፎ ሲያድር ምን ይሆናል?

የጥገና ባለሙያ፦
ጥሩ አነሡት ጋሼ። ሽቦው ይዝጋል፣ ዝገቱ ድንጋዩ ውስጥ ይሰርጋል። የአበባው ቀለምም ዝናብ ወይም ጤዛ ሲነካው ይወርዳል። መፍትሔው ከሐውልቱ ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ የሚቆም፣ እግሩ ጎማ የለበሰ የእንጨት ማስቀመጫ ነው፤ ከሥነ ሥርዓቱ በኋላ ተነሥቶ መጋዘን ይገባል። ጉንጉኑ ከሦስት ቀን በላይ አይቆይ። ለጧፍ አሸዋ የተሞላ ትሪ ይዘጋጅ። የፈሰሰ ሰም በቢላ አይፋቅም፣ በሞቀ ውሃም አይነካም፤ ሙቅ ውሃ አቅልጦ ወደ ድንጋዩ ውስጥ ያስገባዋል። በበረዶ ከረጢት ደርቆ እንዲሰነጠቅ ይደረግና በእንጨት ስንጥቅ ይነሣል።

መሐንዲስ፦
ስለ መወጣጫው። 28 ሜትር ላይ በባሕር ዛፍ አጣና የሚታሰር መወጣጫ በፍጹም አይፈቀድ። የብረት እስካፎልዲንግ ቢሆንም ሐውልቱ ላይ መታሰርም መደገፍም የለበትም፣ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ለብቻው የሚቆም መወጣጫ ከመሠረቱ ስፋት ሦስት እጥፍ በላይ ባይወጣ ይመረጣል፤ ለ28 ሜትር ከ9 ሜትር በላይ የሆነ መሠረት ማለት ነው። ያ የአደባባዩን ዙሪያ ያጨናንቃል፣ ወጪውም ከባድ ነው።

ስለዚህ የምለው፣ የመጀመሪያው ማመልከቻ ከመሬት እስከ ነሐሱ ቅርጽ ጫፍ ያለውን ብቻ ይያዝ። የላይኛው ክፍል በመጀመሪያው ዓመት ይመርመር እንጂ አይነካ። ለምርመራ ድሮን ማስነሣት የደኅንነት ፈቃድ ስለሚጠይቅ ጊዜ ይበላል። ከአካባቢው ሕንፃዎች ሰገነት ላይ በረጅም ሌንስ ከአራቱም አቅጣጫ ማንሣት ለዚህ ደረጃ ይበቃል።

ክረምቱንም በከንቱ አናሳልፈው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ ባባራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፎቶ ይነሣ። ሌላው ድንጋይ ደርቆ እርጥብ ሆኖ የሚቆይ ቦታ ካለ ከጀርባው የተከፈተ መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው። ይህን በበጋ ብንፈልገው አናገኘውም። ስንጥቅም ካለ በሚሊ ሜትር መለኪያ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይለካ፤ ጠዋትና ቀትር ላይ የተለካ ስንጥቅ በሙቀቱ ብቻ ይለያያል፣ ከዚያ «ሰፋ» ብለን ያለምክንያት እንደነግጣለን።

መገጣጠሚያ መሙላት ካስፈለገ ሲሚንቶ አይግባ። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይጠነክራል፤ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ የሚሰበረው ድንጋዩ ይሆናል፣ ውስጥ የገባ ውሃም መውጫ ያጣል። ኖራ 1 እጅ፣ ታጥቦ የተነፋ አሸዋ 3 እጅ፣ ኖራው ቢያንስ አንድ ወር በውሃ የተዘፈዘፈ። ከተሞላ በኋላ ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል። ፀሐይ በአንድ ቀን ካደረቀው ዱቄት ሆኖ ይረግፋል።

ጸሐፊ፦
ኢንጂነር፣ ጊዜውን እንዴት እናሰላው? ሐውልቱ ለየካቲት 12 ዝግጁ ቢሆን ሁሉም ደስ ይለዋል።

መሐንዲስ፦
ከየካቲት ወደ ኋላ ከቆጠርን እንሳሳታለን። ወደ ጃን ሜዳ የሚወርዱ ታቦታት በስድስት ኪሎ ያልፋሉ። ጥር 10 ከተራ ነው፣ ያን ዕለት አደባባዩ በሕዝብ ይሞላል። መወጣጫ ቆሞ ቢገኝ ሰው ይወጣበታል፣ አደጋ ይደርሳል። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ 30 ነው። የኖራ ሥራ በጥቅምት ይለቅ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ኖራ ቶሎ አይዝም። የነሐሱ ሰም በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ነሐሱን ለብ ሲያደርገው፣ ረፋድ ላይ ይቀባል። ፈቃዱ ከመስከረም በፊት ካልተገኘ ሥራውን ለሚቀጥለው ዓመት ማስተላለፍ እንጂ ማጣደፍ አይገባም።

የታሪክ መምህር፦
ከሥራው ሁሉ በፊት ልኬትና ምስል እንዲቀድም አጥብቄ እጠይቃለሁ። ሐረር የነበረው የልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ሐውልት የዚሁ የአውጉስቲንቺች ሥራ ነበር፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ፈረሰ። አንድ ሥራ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ተለክቶ የተቀመጠው ብቻ ነው።

የጥገና ባለሙያ፦
በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። አሠራሩም ውድ አይደለም። እሑድ ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ሰማዩ ደመና ሲለብስ ይሁን፤ ፀሐይ ከወጣች ጥላው የነሐሱን ጠርዝ ይውጠዋል። ሐውልቱን እየዞርን እያንዳንዱ ምስል ካለፈው ጋር 70 በመቶ እንዲደራረብ አድርገን እናነሣለን፦ አንድ ዙር ከጉልበት ከፍታ፣ አንድ ከዓይን፣ አንድ ከመሰላል። ልኬቱ የታወቀ ዘንግና የቀለም ካርድ በየጎኑ ይቁም። ከዚያ በኮምፒውተር ሦስት ገጽታ ያለው ሞዴል ይወጣል። ዘንጉ ከተረሳ ሞዴሉ ቅርጹን እንጂ መጠኑን አይነግረንም፣ ሥራው እንደገና ይሆናል። ቅጂው በሦስት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ዘንድ ቢሆን ሰው ሊያገኘው ይችላል።

የዕድር ተወካይ፦
አሁን ወደ ስሙ ጉዳይ። ቤተሰቦቻቸው ያለቁባቸው ሽማግሌዎች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፤ ስማቸው ይቀረጽ ይላሉ። ይህን ችላ ብለን ስለ ሰምና ስለ ኖራ ብቻ ካወራን ማን ይደግፈናል?

የታሪክ መምህር፦
ጋሼ፣ ጥያቄው የሚገባ ነው። ግን ሐውልቱ ላይ ስም መቅረጽ ሁለት ችግር አለው። ቅርሱን መለወጥ ስለሆነ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይፈቅደውም። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የተሟላ ዝርዝር አለመኖሩ ነው። ድንጋይ ላይ ሁለት መቶ ስም ብንጽፍ በሺህ የሚቆጠሩትን ሁለተኛ ጊዜ ረሳናቸው ማለት ነው። የባለ ሥልጣን ቤተሰብ ስም ይገኛል፣ የውሃ ቀጂዋና የእንጨት ተሸካሚው አይገኝም።

እኔ የማቀርበው የስም መዝገብ እንዲከፈት ነው። መዝገብ ዘንድሮ 40 ስም ቢይዝ፣ ከርሞ 60 ቢጨመርበት አያፍርም። ለእያንዳንዱ ሰማዕት አንድ ገጽ፦ ሙሉ ስም፣ የክርስትና ስም ካለ፣ አጥቢያው ወይም መስጊዱ፣ ሰፈሩ፣ ሥራው፣ እንዴትና የት እንደሞተ፣ ይህን የነገረን ማን እንደሆነና ከሟቹ ጋር ያለው ዝምድና። በመጨረሻው ላይ አንድ ሳጥን፦ «በዓይን ያየ የነገረው»፣ «ከወላጅ የተሰማ»፣ «በጽሑፍ የተገኘ»። ይህ ሳጥን ከሌለ በኋላ ማጣራት አይቻልም።

የሚያጋጥመውን ላስጠንቅቅ። አንድ ሰው በዓለም ስሙና በክርስትና ስሙ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ ስለዚህ አጥቢያው ሳይሞላ ገጹ አይዘጋ። የሰፈር ስም ተለውጧል፣ የድሮውም የአሁኑም ይጻፍ። ከየካቲት 12 እስከ 14 የሞቱትና ከዚያ በኋላ ተይዘው የተረሸኑት፣ ወይም ወደ ደናኔና ኖኩራ የእስረኛ ካምፖች ተግዘው የሞቱት እንዳይቀላቀሉ፤ ሁሉም ይመዝገቡ፣ ግን ለየብቻ።

የዕድር ተወካይ፦
በዚህስ ተስማማሁ። የየሰፈሩ ዕድር ጸሐፊዎች ቅጹን ቢይዙት ሰው ቢሮ ድረስ ሳይንከራተት ይሞላል። በወር አንድ ጊዜ ዕድሩ በሚሰበሰብበት ዕለት ይነበብ፤ ስም ሲጠራ የሚያስታውስ ሌላ ሰው ይገኛል።

ከሮም የምጽፍ አባል፦
አንድ ጉዳይ ከዚህ ላክልበት። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. አፊሌ በተባለች ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተመርቆ እኛ ውጭ ያለን ሁሉ ተቃውመናል። እዚህ የሚያድጉ ልጆቻችን ስለ የካቲት 12 በትምህርት ቤት የሚሰሙት እምብዛም ነው። ሰሌዳው በጣሊያንኛም ቢጻፍ የሚመጣው ጎብኚ በራሱ ቋንቋ ያነበዋል።

የታሪክ መምህር፦
እኅቴ፣ ሐሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ሰሌዳ ላይ አራት ቋንቋ ከተጫነ ፊደሉ ያንስና ማንም አያነበውም። ሰሌዳው አማርኛ፣ ኦሮምኛና እንግሊዝኛ ይሁን። የጣሊያንኛው ሙሉ ጽሑፍ በታጠፈ ወረቀት ታትሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይቀመጥ፤ እርስዎ ትርጉሙን ቢይዙልን ደስ ይለናል። ሙዚየሙ ያለው እዚያው ቦምቡ በተወረወረበት በገነተ ልዑል ነው። ከሕንፃው ፊት ለፊት ፋሺስቶቹ ለእያንዳንዱ የሥልጣን ዘመናቸው ዓመት አንድ ደረጃ አድርገው የሠሩት፣ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠበት የደረጃ ሐውልት አለ። ጎብኚ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ቢያይ ታሪኩ ይገጥምለታል።

ለሰሌዳው ያዘጋጀሁት ረቂቅ ይኸው፦

«የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ከዚህ አጠገብ በሚገኘው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በፋሺስቱ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ፋሺስቶች ለሦስት ቀን የአዲስ አበባን ሕዝብ ጨፈጨፉ፣ ቤቱን አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያስታወቀው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ይህ ሐውልት የእነሱ መታሰቢያ ነው። የድሉ መታሰቢያ በአራት ኪሎ፣ በሚያዝያ 27 አደባባይ ይገኛል።»

ቁጥሩን ከነባለቤቱ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ከዚያ ያነሰ ቁጥር ያወጡ ተመራማሪዎች አሉ፤ 19,000 ገደማ የሚለውም ራሱ ከከተማው ሕዝብ አምስት አንዱ ማለት ነው። ማን እንዳለው ከተጻፈ ክርክሩ ሰሌዳውን አያስነቅለውም።

መሐንዲስ፦
ሰሌዳው ከሐውልቱ ሥር አይቁም። መሐል አደባባይ ላይ መኪና እየሸሸ የሚያነብ ሰው የለም። በዩኒቨርሲቲው በር በኩል ባለው የእግረኛ መንገድ፣ ሐውልቱ ፊት ለፊት በሚታይበት ቦታ ይሁን። ዘንበል ያለ ሆኖ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ልጅም በተሽከርካሪ ወንበር ያለም ያነበዋል። ለእግሩ ጉድጓድ ስንቆፍር ከ50 ሴንቲ ሜትር አንለፍ፣ አጥንት ወይም ዕቃ ቢገኝ ሥራው ወዲያው ቆሞ ለባለሥልጣኑ ይነገር። ይህ ዐረፍተ ነገር ማመልከቻው ውስጥ በግልጽ ይግባ፣ ፈቃጁ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ሂሳብ ያዥ፦
ወጪውን በሦስት ከፋፍዬ አዘጋጃለሁ፦ ልኬትና ምስል፣ ሰሌዳ፣ የታችኛው ክፍል እጥበትና ሰም። አንዱ ገንዘብ ቢያጣ ሌላው እንዲቀጥል ነው። መጠባበቂያ 15 በመቶ ይያዝ። ሰሙና ሳሙናው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው በማመልከቻው ቀን ሳይሆን በግዢው ቀን እንደሚታይ ይጻፍ። መብራትን አላስገባሁም፤ ቆፍሮ ገመድ መዘርጋት ሌላ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ለብቻው ቢቀርብ ይሻላል።

ሰብሳቢ፦
መብራቱ ይቆይ። ጸሐፊያችን፣ ደብዳቤው ለሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ይውጣ፣ ግልባጩ ለዩኒቨርሲቲው፣ ለአርበኞች ማኅበርና ለትራፊክ ማኔጅመንት ይድረስ። አባሪው ላይ የመምህር የሰሌዳ ረቂቅ፣ የስም መዝገቡ ቅጽ፣ የመሐንዲሱ የጊዜ ሰሌዳና የባለሙያው የክልከላ ዝርዝር ይያያዝ። የክልከላው ዝርዝር ከፊት ይቅደም። በየዓመቱ ሰም የማደሱን ኃላፊነት የሚወስዱ ሦስት አባላት እስከ መጪው ስብሰባ ይመዝገቡ፤ ስማቸው ሳይገባ ደብዳቤው ማኅተም አይደረግበትም።